እውነተኛ የወንጀል ታሪክ ድራማ የት ይቀረጽ? የሎኬሽን መረጣ ዝርዝር መመሪያ

ድንኳኑ ገና መተከሉ ነበር። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል። የምንቀርጸው የለቅሶ ሲን (ትዕይንት) ነው። መብራት ሠራተኛው ገመድ ይዘረጋል፣ ተዋንያኑ ጥቁር ልብስ ይቀያይራሉ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን በእጃቸው ይዘው ከቅያሱ ብቅ አሉ። "ምነው? ማን ነው? እሳቸው ናቸው እንዴ?" ይላሉ። ከኋላቸው ሦስት ሴቶች ይከተላሉ። ቤቱን ያከራዩን ሴት ለጎረቤት አልነገሩም። እኛም አልነገርንም።

ይቅርታ ጠየቅን፣ ፊልም መሆኑን አስረዳን። እናትየዋ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና "አምና ልጄን ስቀብር ድንኳኑ እዚሁ ነበር የተተከለው" አሉ። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ያ ድራማ ልብ ወለድ ነበር። ልብ ወለዱ እንኳ ያን ያህል ካስደነገጠ፣ በእውነት የተፈጸመ ወንጀል ሲሆን ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት። ሟች ስም ነበረው። እናት አለችው። ገዳዩም ቤተሰብ አለው፣ ምስክሩም እዚያው ሰፈር ይኖራል። ስለዚህ እውነተኛ የወንጀል ታሪክ ለቴሌቪዥን ድራማ ስትሠሩ የቦታ ምርጫ የካሜራ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ወደ አንድ ሐሳብ ያመራል፦ ወንጀሉ የተፈጸመበትን አድራሻ ተዉት፤ ጉዳዩ የቆመበትን እውነት የሚሸከም ቦታ ፈልጉ።

1. ከስክሪፕቱ በፊት መዝገቡን አንብቡ

አብዛኛውን ጊዜ ሎኬሽን ፍለጋ የሚጀመረው ከስክሪፕት ነው። "ሲን 14፣ የሟች ቤት፣ ሌሊት" ይላል። ሎኬሽን ማናጀሩም (የቀረጻ ቦታ አፈላላጊው) ለካሜራ የሚያምር ቤት ይፈልጋል። በእውነተኛ ታሪክ ግን ከስክሪፕቱ በፊት የተጻፈ ሌላ ነገር አለ፤ የፍርድ ቤት ውሳኔ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች በየቅጹ ታትመው ይወጣሉ። ጉዳዩ እዚያ ደርሶ ከሆነ ሐተታው ውስጥ ቦታ፣ ሰዓትና ርቀት ልታገኙ ትችላላችሁ። ካልደረሰ በጠበቃ በኩል የሥር ፍርድ ቤቱን ውሳኔ ግልባጭ ጠይቁ። ጉዳዩ በዝግ ችሎት የታየ ከሆነ ግን ዝርዝሩን በጓሮ በር ለማግኘት አትሞክሩ። በር የተዘጋው ለተጎጂዋ ወይም ለሕጻኑ ሲባል ነው።

ስታነቡ እርሳስ ያዙ። የምታሰምሩት ቦታው ባይፈቅድ ኖሮ ሊፈጸሙ በማይችሉ ነገሮች ላይ ነው። ምሳሌ ልስጥ። ምስክሩ "በመስኮት አየሁት" ይላል። እንግዲህ መስኮት አለ። መስኮቱ ወደ ግቢው በር ያያል። በመሐል የሚጋርድ ዛፍ ወይም አጥር የለም። ሌሊት ከሆነ ደግሞ ብርሃኑ ከየት መጣ? ከመንገድ መብራት? ከጎረቤት በረንዳ? ከጨረቃ? ተከላካይ ጠበቃው "በ40 ሜትር ርቀት፣ በጨለማ፣ የሰው መልክ አይለይም" ብሎ ተከራክሮ ከሆነ፣ እነዚያ 40 ሜትሮች ለድራማችሁ ከዋና ተዋናዩ እኩል ያስፈልጋሉ። ይህን ሲን 8 ሜትር ስፋት ባለው ግቢ ውስጥ ከቀረጻችሁት ተመልካቹ "ጠበቃው ይዋሻል" ይላል። ሳታውቁት በሕይወት ባለ ሰው ላይ ፈረዳችሁ ማለት ነው።

ያሰመራችሁበትን በሦስት ክፈሉት።

የመጀመሪያው የማይነካው ነው፦ ርቀት፣ የእይታ መስመር፣ የበሩ አከፋፈት፣ የአጥሩ ቁመት፣ ከቤት እስከ ዋናው መንገድ በእግር የሚፈጀው ጊዜ። ሁለተኛው እንደ ልብ የሚለወጠው ነው፦ የግድግዳ ቀለም፣ የሶፋ ዓይነት፣ ግቢው ውስጥ ያለው ተክል።

ሦስተኛው የግድ መለወጥ ያለበት ነው። ይሄኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የቤት ቁጥሩ፣ የበሩ ልዩ ቀለም፣ ጥግ ላይ ያለችው ሱቅ፣ ልጁ የተማረበት ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ቀለም፤ እነዚህን የሰፈሩ ሰው አንዴ ሲያይ "የእነ እገሌ ቤት ነው" ይላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን መብት አድርጎ ያስቀመጠው እንዲህ ላለው ጊዜም ነው። ምስክርን ከምታጋልጡ ሱቋን ወደ ጠጅ ቤት ቀይሯት። ታሪኩ አይጎዳም።

2. ወደ እውነተኛው ቦታ አንድ ጊዜ ሂዱ፣ ካሜራ ግን አትያዙ

ሁለት ሰው ይበቃል፤ ዳይሬክተሩና ሎኬሽን ማናጀሩ። ሚኒባስ ሙሉ ሰው ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሰፈሩ በአንድ ቀን ወሬ ይሞላል። ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉት። የሚያስፈልጋችሁ እግርና ሰዓት ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት በራሳችሁ ግቢ 20 ሜትር በሜትር ለክታችሁ በስንት እርምጃ እንደምትጨርሱት እወቁ። ከዚያ በኋላ ማንንም ሳታስቸግሩ የትኛውንም ርቀት በእርምጃ መለካት ትችላላችሁ። ከበሩ እስከ መንገዱ ስንት? ከመንገዱ እስከ ታክሲ መያዣው ስንት ደቂቃ? ከምስክሩ ደጅ ቆመን ስናይ የሟች በር ይታያል?

የምትሄዱት መዝገቡ በሚለው ሰዓት ይሁን፤ ከተቻለም በዚያው ወር። "ኢትዮጵያ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ላይ ይመሻል" የሚለው ነገር ለድራማ አይሠራም። አዲስ አበባ ላይ በኅዳር ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። በሐምሌ ግን እስከ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ትቆያለች። ድንግዝግዝታው ደግሞ አጭር ነው፤ ፀሐይ ከገባች ከ20 ደቂቃ በኋላ ጨለማው ይወርዳል። ስለዚህ ምስክሩ "ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ45 ላይ አየሁት" ካለ፣ በሐምሌ ከሆነ በብርሃን አይቷል፣ በኅዳር ከሆነ በጨለማ። ይሄ ልዩነት አንድን ሰው ያስፈርድበታል ወይም ነፃ ያወጣዋል። የጨረቃውንም ሁኔታ ፈትሹ። ኢንተርኔት ላይ ያሉ የጨረቃ ማስሊያዎች የሚሠሩት በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ የመዝገቡን ቀን መጀመሪያ በጥንቃቄ ቀይሩት። ጳጉሜን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ሰው ቀርቦ "ምን ፈለጋችሁ?" ካለ እውነቱን ንገሩት። ቤት ገዢ ወይም ደላላ ነን ማለት ቀላል ነው። ግን ወሬው ሲደርስበት በሚቀጥለው ሳምንት ፊቱን ያዞርባችኋል፤ ልክም ነው።

3. እዚያው ይቀረጽ ወይስ ሌላ ቦታ?

በእኔ እምነት መልሱ አብዛኛውን ጊዜ "ሌላ ቦታ" ነው። ምክንያቴን ላስረዳ።

እ.ኤ.አ. በ1959 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ሆልኮም በምትባል ትንሽ መንደር የአንድ ቤተሰብ አራት ሰዎች ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ። በ1967 የወጣው ፊልም የተቀረጸው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። በጥቁርና ነጭ የተሠራ ኃይለኛ ፊልም ነው፤ አይካድም። ግን ከቤተሰቡ በሕይወት የተረፉ ትልልቅ ሴት ልጆች ነበሩ። እናትና አባታቸው የሞቱበት ክፍል ሲኒማ ውስጥ ተራ ሰው ፋንዲሻ እየበላ የሚያየው ክፍል ሆነ። እኔ ይህን ሳስብ የፊልሙ ጥንካሬ አያጽናናኝም።

ለንደን ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተከታታይ ግድያ የተፈጸመበት፣ በሪሊንግተን ፕሌስ 10 ቁጥር ያለው ቤት በ1970 ቀረጻ ሲጠየቅ ሰው ይኖርበት ነበር። ነዋሪዎቹ አንወጣም አሉ። ቀራጮቹ እዚያው መንገድ ላይ 7 ቁጥር ቤት ገብተው ሠሩ። ጠባቧ መንገድ ያው ናት፣ የቤቶቹ አሠራር ያው ነው። ፊልሙ ምንም አልጎደለበትም። ብዙም ሳይቆይ መንገዱ በሙሉ ፈረሰ።

ከሁሉም በላይ የማከብረው የኖርዌዩን ነው። ጁላይ 22 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ኡቶያ ደሴት ላይ 69 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ወጣቶች፣ ተገደሉ። በ2018 ስለዚያ ቀን ፊልም የሠራው ኤሪክ ፖፔ ኡቶያ ላይ አልቀረጸም፤ ሌላ ደሴት መረጠ። ጊዜውን ግን አልነካም። ጥቃቱ 72 ደቂቃ ፈጅቶ ነበር። እሱም ያን 72 ደቂቃ ካሜራውን ሳያቋርጥ በአንድ ቀረጻ አሳየው። አድራሻውን ለቤተሰቦቹ ተወላቸው፤ እውነቱን ግን ያዘ። እኔ ለማስተማር አንድ ምሳሌ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ወደ አገራችን ስንመጣ "ድፍረት" የሚለው ፊልም አለ። መነሻው በ1996 እ.ኤ.አ. አርሲ ውስጥ የተፈጸመ የጠለፋ ጉዳይ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ሰንዳንስ ላይ የተመልካች ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ታዳሚው አዳራሽ ከገባ በኋላ የፍርድ ቤት እግድ ደርሶ ቆመ። ክርክሩ ከባለታሪኳ መብት ጋር የተያያዘ ነበር። ማን ትክክል ነበር የሚለው እዚህ የምንፈርደው አይደለም። ትምህርቱ ለእኛ ግልጽ ነው፦ ባለታሪኩን ወይም ቤተሰቡን ማነጋገር የዝግጅቱ የመጀመሪያ ሳምንት ሥራ ነው፤ ፖስተር ሲታተም የሚታሰብ ነገር አይደለም።

አሁን አገር ቤት ብቻ ወደሚገኘው ጉዳይ ልምጣ። ገጠር ውስጥ የተፈጸመ ግድያ ብዙ ጊዜ ሁለት መዝገብ አለው። አንዱ ፍርድ ቤት ነው፤ ሌላው ሽማግሌዎቹ ጋ ነው። ደም የተቃቡ ሁለት ቤተሰቦች በእርቅ ተቀምጠዋል፣ ካሳ ተከፍሏል፣ በኦሮሚያ ከሆነ የጉማ ሥርዓት ተፈጽሟል። ከእርቁ በኋላ ነገሩን ዳግም ማንሳት ነውር ነው። እናንተ ካሜራ ይዛችሁ ደርሳችሁ "ገዳዩ የወጣው በየት በኩል ነው?" ብላችሁ ስትጠይቁ ሽማግሌዎቹ ብዙ ወር ደክመው የዘጉትን በር ትከፍታላችሁ። እንዲህ ካለ ቦታ ራቁ። እርቁን ያስፈጸሙትን ሽማግሌዎች አነጋግሩ፣ ምክራቸውን ስሙ፣ ቀረጻውን ግን ሌላ ወረዳ ውሰዱት። እዚያም ቢሆን የጎሳና የአካባቢ ስም የሚያሳብቅ ነገር አታስገቡ።

ጉዳዩ ገና ፍርድ ቤት ያለ ከሆነ ደግሞ ምንም ቦታ አትምረጡ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተከሳሽ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል። ይግባኙ እስኪያልቅ ጠብቁ።

4. ዘመኑ አለ ወይስ ፈርሷል?

ምትክ ቦታ መፈለግ ስትጀምሩ ትልቁ ጠላት ጊዜ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤሪየሳ ሐይቅ ዳር እ.ኤ.አ. በ1969 የተፈጸመ ጥቃት በ2007 ለወጣ ፊልም ሲቀረጽ፣ ቀራጮቹ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነበሩ። ዛፎቹ ግን አልነበሩም። ዛፍ በሄሊኮፕተር አምጥተው ተከሉ። በዚያው ፊልም የታክሲ ሹፌር የተገደለባት የሳን ፍራንሲስኮ ጥግ በጣም ተለውጣ ስለነበር ሲኑን በስቱዲዮና በኮምፒውተር ሠሩት። ትክክለኛው ቦታ ላይ መቆም ብቻውን ዘመኑን አይመልስም።

አዲስ አበባ ላይ ይህ በእጥፍ እውነት ነው። ታሪካችሁ በ1990ዎቹ ዓ.ም. የሆነ ከሆነ ካሜራ ውስጥ መግባት የሌለበትን ነገር ልቁጠርላችሁ። የከተማው ባቡር አገልግሎት የጀመረው መስከረም 2008 ነው፤ ሐዲዱና ምሰሶው መስቀል አደባባይ፣ መገናኛ፣ ስታዲየም አካባቢ ሁሉ ይታያል። ኮንዶሚኒየም ከ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በፊት አልነበረም፤ አሁን ከሩቅ የማይታይበት ሰፈር ማግኘት ከባድ ነው። ሞባይል የገባው በ1991 ነው፤ ለብዙ ዓመትም የጥቂት ሰው ዕቃ ነበር። በውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ያለው ኮብልስቶን የኋላ ነው፤ ያኔ ሰፈሩ ጭቃና ድንጋይ ነበር። ከመጋቢት 2016 ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ ሰፈሮች ብዙ ቤታቸው ተነሥቷል። ትዝ የሚለን ቅያስ ዛሬ ሰፊ የእግረኛ መንገድና የሳር መስክ ሆኗል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ከተማ መቀየር ነው። ድሬዳዋ፣ ጅማ፣ ደሴና ጎንደር ውስጥ መልካቸው የቆየ የድሮ ቤቶችና ጠባብ መንገዶች አሉ፤ ግን የግንብ አሠራራቸውና ሙቀታቸው አዲስ አበባን ላይመስል ይችላል። የድሬዳዋ ፀሐይ ፊት ላይ ያስታውቃል፣ ተዋናዩ ሹራብ ለብሶ ያልበዋል። ሁለተኛው መንገድ ሰማዩን መቁረጥ ነው። ካሜራውን ከዓይን ቁመት ዝቅ አድርጋችሁ በጠባብ ቅያስ ውስጥ ቅረጹ፤ ኮንዶሚኒየሙ ከፍሬም (ካሜራው ከሚያሳየው ክልል) ይወጣል። ሦስተኛው፣ ወጪ ከቻላችሁ፣ አንድ ግቢ መርጣችሁ አጥሩን በቆርቆሮ መልሶ መሥራት ነው። የእኔ ምርጫ ሁለተኛው ነው። ጠባብ ፍሬም ለወንጀል ድራማ ስሜትም ይስማማል።

ትንንሾቹን ነገሮች አትናቁ። ጣሪያ ላይ ያለ ዲሽ፣ የበሩ ላይ የቤት ቁጥር ሰሌዳ "ወረዳ" ይላል ወይስ "ቀበሌ"፣ የመኪናው ታርጋ፣ ሰማያዊው ላዳ ታክሲ። የዚያ ዘመን ሰው እነዚህን አይረሳም። አንዲት የተሳሳተች ታርጋ ካየ የቀረውንም አያምናችሁም።

5. የመረጣችሁትን ቤት በጆሮ መርምሩት

ሁሉም ሰው ቤት ሲመርጥ በዓይኑ ነው የሚያየው። እኔ ቤት ስገባ መጀመሪያ ቁጭ ብዬ ዓይኔን እጨፍናለሁ። አሥር ደቂቃ። የወፍጮ ቤት ድምፅ፣ ብየዳ፣ የጎረቤት ዶሮ፣ ውሻ፣ ከላይ የሚያልፍ አውሮፕላን። ቦሌ አቅጣጫ ያለ ሰፈር ከሆነ አውሮፕላኑ ንግግሩን ሁሉ ይቆርጥባችኋል። ከዚያ ሌሊት ተመልሳችሁ ሂዱ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ይጀምራል፣ ከንጋቱ በፊት አዛን ይሰማል። በጾም ወራትና በበዓል ሰሞን ደግሞ ይረዝማል። እነዚህን ዝም ማሰኘት አይቻልም፤ መሞከርም ነውር ነው። የቀረጻ ሰዓታችሁን ለእነሱ አስተካክሉ።

ጣሪያውን ቀና ብላችሁ እዩት። ቆርቆሮ ከሆነ ክረምት ላይ ዝናብ ሲመታው ሌላ ድምፅ አይሰማም። አንድ ጊዜ በሐምሌ የምርመራ ሲን ስንቀርጽ መርማሪው ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ እናያለን፣ ድምፁ ግን የለም። ሳውንድ ሠራተኛው ማዳመጫውን አውልቆ ጣሪያውን ብቻ አየ። ወይ ከጣሪያው በላይ ብርድ ልብስ ደርቡ፣ ወይ ቀረጻውን ወደ ጥቅምት አምጡት።

ቀጥሎ የክፍሉን ስፋት ለኩ። የጭቃ ቤት ክፍል ለዓይን ይበቃል፣ ለካሜራ ግን ላይበቃ ይችላል። ሱፐር 35 ሴንሰር (በሲኒማ ካሜራዎች የተለመደ የምስል መቀበያ መጠን) ያለው ካሜራ ላይ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብትገጥሙ፣ 1 ሜትር ከ70 የሆነን ሰው ከራስ እስከ እግር ለማስገባት ከ4 ሜትር በላይ ወደ ኋላ መራቅ አለባችሁ። ክፍሉ 3 ሜትር ከሆነ ወይ ሰፊ ሌንስ ትጠቀማላችሁ፣ ያኔ ግድግዳው ይጣመማል፤ ወይ በመስኮት ከውጭ ትቀርጻላችሁ። ከውጭ የሚቀረጸው ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሆናል፤ ተመልካቹን ምስክሩ ቆሞ ያየበት ቦታ ላይ ያቆመዋል።

ሌላውን በአጭሩ። መብራት በስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ጎረቤት ጠይቁ። ጄኔሬተር የምታቆሙበት ራቅ ያለ ቦታ ይኑር። ሽንት ቤት፣ ውኃ፣ የመኪና ማዞሪያ፣ ሰው ቢጎዳ ወደ ሆስፒታል የሚወስደውን መንገድ ፈትሹ።

6. "የነፍሰ ገዳዩ ቤት" የሚለው ስም በማን ላይ ይለጠፍ?

ይሄን ራሱን የቻለ ርዕስ ያደረግሁት ስለሚያሳስበኝ ነው። ድራማው ከተላለፈ በኋላ ሰው የሚያስታውሰው በቴሌቪዥን ያየውን ቤት ነው። ቤታቸውን በቅንነት ያከራዩ ሰዎች ልጃቸው ትምህርት ቤት "የገዳዩ ቤት ልጅ" ተብሎ ሊጠራ ይችላል። ስለዚህ የፊት ለፊቱንና የውስጡን ከአንድ ቤት አታድርጉ። በሩንና አጥሩን ከአንድ ሰፈር፣ ሳሎኑን ከሌላ፣ ጓሮውን ከሦስተኛ ውሰዱ። የበሩን ቀለም ለቀረጻ ቀይሩና መልሱት። በአንድ ምሽት ሥራ የአንድ ቤተሰብ ስም ይተርፋል።

ለባለቤቱም ቤታቸው ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ በቃል ንገሩ። "ድራማ ነው" ማለት አይበቃም። "እዚህ ጥግ ላይ አንዲት ሴት ወድቃ ትገኛለች፣ ቀይ ቀለም ይፈሳል፣ ፖሊስ ይገባል" በሉ። ብዙ እናቶች "ሟርት አታምጡብኝ፣ በቤቴ የሞት ነገር አይደረግ" ይላሉ። አታከራክሯቸው። አመስግናችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ። ፈቅደው ዕለቱን የሚጨነቁ ሰው ይዞ ከመሥራት ይሻላል።

7. ፈቃድ፣ ጎረቤትና እድር

ደብዳቤውን ከከተማው ወይም ከክልሉ የባህልና ኪነ ጥበብ ቢሮ ጀምሩ፣ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ ይወርዳል። በእያንዳንዱ ደረጃ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሰው ብዛቱን ጻፉ። የፖሊስ ልብስና የጦር መሣሪያ ቅርጽ የምትጠቀሙ ከሆነ ለፖሊስ ለብቻው አመልክቱ፤ ልብሱን ደግሞ ከቀረጻው ግቢ ውጪ ማንም እንዳይለብሰው። ተዋናዩ የመርማሪ ልብስ እንደለበሰ ዳቦ ሊገዛ ቢወጣ ለእሱም ለሰፈሩም አደጋ ነው። ድሮን ከሆነ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር፣ ኢንሳ፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ አንድም ደቂቃ አታስነሡ።

ወረቀቱ ካለቀ በኋላ ዋናው ሥራ ይመጣል። የእድሩን ዳኛ ቤታቸው ሄዳችሁ አነጋግሩ። "ማክሰኞ ጠዋት እዚህ ድንኳን እንተክላለን፣ የሞተ ሰው የለም፣ ድራማ ነው" በሏቸው። እሳቸው በአንድ ምሽት ለአባላቱ ያዳርሱታል። የተኩስ ወይም የጩኸት ሲን ካለ ቀኑን ሰዓቱን ነግራችሁ ጠዋት በድጋሚ በየበሩ አስታውሱ። በተለይ ሕመምተኛ፣ አራስና አዛውንት ያለባቸውን ቤቶች። ሰፈሩ ውስጥ በቅርብ ለቅሶ የደረሰበት ቤት ካለ የለቅሶ ሲናችሁን ወደ ሌላ ቦታ ውሰዱት። መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁ እናት ያስተማሩኝ ይህን ነው።

ስለ ደኅንነትም አንድ ነገር። መስከረም 2017 እ.ኤ.አ. ስለ አደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ለሚሠራ የታወቀ ተከታታይ ድራማ ቦታ ያፈላልግ የነበረ ልምድ ያለው የሜክሲኮ ባለሙያ መኪናው ውስጥ በጥይት ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ሎኬሽን ፍለጋ ብቻውን የሚላክ ሰው ሥራ አይደለም። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ የአገሩን ሰው ያዙ፣ የት እንደሆናችሁ በየሰዓቱ ቢሮ ንገሩ፣ ቦታውን በሌሊት ለማየት ካልሆነ በቀር ከመምሸቱ በፊት ተመለሱ።

8. ውልና ርክክብ

ውሉ አንድ ገጽ ይሁን፣ በአማርኛ፣ ባለቤቱ በሚረዱት ቋንቋ። ቀናቱ፣ ክፍያው፣ የሚቀረጹት ሲኖች ዝርዝር፣ የሚነካውና የማይነካው ዕቃ፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚጠግን። የበሩና የቤቱ ትክክለኛ አድራሻ በማስታወቂያም በማኅበራዊ ሚዲያም እንደማይወጣ ጻፉበት። ተዋንያኑ "ዛሬ እዚህ ነን" ብለው ፎቶ እንዳይለጥፉ ጭምር።

ከመግባታችሁ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ አንሡ። ሲያልቅ ከባለቤቱ ጋር እየዞራችሁ ከፎቶው ጋር አስተያዩት። ምስማር የተመታበት ይጠገን፣ የተዛወረው ቁም ሣጥን ይመለስ፣ የሥዕለ ማርያም ምስሉ በነበረበት ምስማር ላይ ይሰቀል። ቀሪውን ክፍያ ዕቃው መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት በእጃቸው ስጡ። ቡና አፍልተው ከጠበቋችሁ ቁጭ በሉ፣ አቦሏን ጠጡ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ዞራችሁ የድንኳኑ ካስማ የነበረበትን ጉድጓድ ሁሉ አፈር ሙሉትና በእግራችሁ ጠቅጠቅ አድርጉት፤ ነገ ጠዋት ሕጻናት ይሮጡበታል።